ዮናስ ቪንገጎር፦ ስለ ዴንማርካዊው ብስክሌተኛ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሐምሌ በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። “ያ ከፖጋቻር (ከስሎቬንያዊው ተፎካካሪው) ኋላ የማይጠፋው ቀጭን ልጅ ማነው?” እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ እንዳትጣሉኝ።

ባጭሩ ማነው?

ዴንማርካዊ የኮርስ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። የተወለደው ዲሴምበር 10 ቀን 1996 ነው። ቱር ደ ፍራንስን፣ ማለትም የየቀኑ ሰዓት እየተደመረ ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን የፈረንሳይ ዙር ውድድር፣ ሁለት ጊዜ፣ በ2022 እና በ2023 አሸንፏል። በ2025 ደግሞ የስፔኑን ዙር፣ ቩኤልታን ወስዷል። የሚጋልበው ቪዝማ-ሊዝ ኤ ባይክ ለሚባለው የኔዘርላንድ ቡድን ነው፤ ቀድሞ ጁምቦ-ቪዝማ ሲባል የነበረው ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ኪሎው 60 ገደማ። ካሜራ ፊት ብዙ አያወራም፣ ሲያሸንፍም አይፎክርም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው “አይስብም” የሚለው። እኔ አልስማማም። ይህ ልጅ ለብዙ ጊዜ ሲሸነፍ የኖረው በገዛ ጭንቀቱ ነው፤ ፖጋቻር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ካወቃችሁ ዝምታውን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

እውነት ዓሣ ሲያሽግ ነበር?

አዎ፣ እውነት ነው። የተወለደው ሂለርስሌቭ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ሰሜን ምዕራብ ጁትላንድ ውስጥ ነች፣ ነፋስ ከባሕሩ እየተነሣ ዓመቱን ሙሉ የሚገርፈው አካባቢ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሃንስትሆልም የሚባል ትልቅ የዓሣ ወደብ አለ። ዮናስ ኮሎክዊክ ለሚባል አነስተኛ የዴንማርክ ቡድን በሚጋልብበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚሠራው እዚያ ነበር። በጠዋቱ ይነሣል፣ የሥራ ልብሱን ያጠልቃል፣ በረዶ የሞላበት ሣጥን ፊት ቆሞ ዓሣ ያጸዳል፣ ያሽጋል። እጅ የሚያደነዝዝ ሥራ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሲያልቅ ወደ ቤት ሄዶ ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ እስኪመሽ ልምምድ ነው።

“ቸግሮት ነው?” የሚሉኝ አሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ቡድን ውስጥ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ አይደለም፣ ያ አንድ ነገር ነው። ግን የቡድኑ ኃላፊዎችም ቢሆኑ ወጣቶቹ ጠዋት የሚሄዱበት ሥራ ቢኖራቸው ይመርጡ ነበር፤ ቀኑ መልክ እንዲይዝላቸው። ለማንኛውም በ2018 ዓሣና በረዶ ውስጥ የነበረ ልጅ በ2021 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሁለተኛ ወጣ። ቀላል አይደለም።

ከብስክሌት በፊት ኳስ ተጫዋች ነበር። ከእኩዮቹ ሁሉ ትንሹ እሱ ስለነበር ኳሱ ብዙ አልሄደለትም። ወደ 10 ዓመት ሲሆነው የዴንማርክ ዙር ውድድር በአካባቢያቸው ሲያልፍ አባቱ ወስዶ አሳየው፣ ከዚያ በኋላ ቲስትድ ከተማ ያለው የብስክሌት ክለብ ገባ። አለቀ።

ዴንማርክ ሜዳ አይደለችም እንዴ? ዳገት የት ተማረ?

ሜዳ ነች። የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ሞለሆይ ይባላል፣ ከባሕር ወለል 171 ሜትር እንኳ አይሞላም። ልጁ ያደገው ከነፋስ ጋር ሲታገል ነው እንጂ ከተራራ ጋር አይደለም። ተራራ መውጣት የሚችል አካል እንዳለው የታወቀው ከአገር ሲወጣ ነው። በ2018 ከቡድኑ ጋር ስፔን ለልምምድ ሄዶ፣ ካልፔ አካባቢ ኮል ደ ራትስ የሚባለውን ዳገት በ13 ደቂቃ ገደማ ወጣው። ያ መንገድ ትልልቆቹ ቡድኖች በየዓመቱ በአውሮፓ ብርድ ወቅት የሚለማመዱበት ነው፣ ሰዓቱም ስትራቫ በሚባለው የብስክሌተኞች ሰዓት መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ለሁሉም ይታያል። ማንም የማያውቀው ልጅ ስም ከላይ ቁጭ ብሎ ሲያዩ የጁምቦ-ቪዝማ ሰዎች ደወሉ። በ2019 ቡድኑን ተቀላቀለ።

ጭንቀታም ነበር የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

በጣም። ለእኔ የሱ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ኦገስት 2019፣ የፖላንድ ዙር ውድድር። የትልቅ ቡድን የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፣ 22 ዓመቱ። በስድስተኛው ቀን አሸነፈና የመሪነቱን ማሊያ ለበሰ። የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ቀን! ማታውን ግን በጭንቀት አለቀ፣ ምግብም እንቅልፍም እምቢ አለው። በማግስቱ እግሩ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ከመሪዎቹ ተለይቶ ወደኋላ ቀረ፣ ውድድሩንም ሩሲያዊው ፓቬል ሲቫኮቭ ወሰደው። አቅም አንሶት አይደለም፣ አቅሙን ባለፈው ቀን አይተነዋል። ማሊያው ከበደው።

ቡድኑም ከዚያ በኋላ አልገፋውም። ለሌሎች እንዲሠራ አደረጉት፣ በ2020 ቩኤልታ ለቡድኑ መሪ ለስሎቬንያዊው ሮግሊች ሠራለት። ኃላፊነት የሌለበት ሥራ ተስማማው። ባለቤቱ ትሪኔም በዚህ ጉዳይ ትልቅ ድርሻ እንዳላት ሁለቱም በየጊዜው ተናግረዋል። ይታያችሁ፣ ያንኑ የፖላንድ ውድድር በ2024 ተመልሶ አሸነፈው፤ በአምስት ዓመቱ።

መሪ የሆነው እንዴት ነው? ሮግሊች አልነበረም እንዴ?

ሮግሊች ነበር። ዮናስ ለ2021ዱ ቱር ጭራሽ አልታሰበም ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ቶም ዱሙላን ከውድድር ለጊዜው ዕረፍት ስለወሰደ ነው ቦታውን ያገኘው። ከዚያ ሮግሊች በሦስተኛው ቀን ክፉኛ ወደቀ፣ ከስምንተኛው በኋላ አቋርጦ ወጣ። ቡድኑ ዘወር ሲል ያለው ይህ ልጅ ነው። ሞን ቫንቱ የሚባለው ተራራ ላይ ከፖጋቻር ተለይቶ ወጣ፤ በዚያ ውድድር ፖጋቻርን ዳገት ላይ ጥሎት የሄደ ሌላ ሰው አልነበረም። ቁልቁለቱ ላይ ያዙት፣ እሺ። ግን መልእክቱ ደርሷል። በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ።

የ2022ቱ ድል ለምን እንዲህ ይወራለታል?

ብዙ ምክንያት አለው፣ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ፣ የዚያ ዓመት ቱር የተነሣው ከኮፐንሃገን ነው። ቡድኖቹ ቲቮሊ መናፈሻ ውስጥ ለሕዝቡ ሲተዋወቁ ሕዝቡ ለዮናስ ከመጮሁ የተነሣ ልጁን እንባ ተናነቀው። ያ በፖላንድ ማታውን በጭንቀት ያለቀው ልጅ፣ አሁን አገሩ ሙሉ “አደራ” እያለው ነው።

በአምስተኛው ቀን የሰሜን ፈረንሳይ ኮብልስቶን፣ በድንጋይ የተነጠፈው መንገድ፣ አለ። እዚያ ላይ ብስክሌቱ ተበላሸ፣ ካቴናው ተላቀቀ። ከዚያ የሆነው ነገር ኮሜዲ ነው። የቡድን ጓደኛው ናታን ቫን ሆይዶንክ የራሱን ብስክሌት ሰጠው፤ ቫን ሆይዶንክ ግን 1 ሜትር ከ90 ያለፈ ሰው ነው፣ ዮናስ ኮርቻው ላይ መውጣት እንኳ አቃተው። ሌላ ጓደኛው የራሱን ሰጠው፣ በመጨረሻ መኪናው ደረሰና የራሱን ትርፍ ብስክሌት አገኘ። ቱሩ አለቀለት ሲባል ሌላው የቡድን ጓደኛው ዎውት ቫን ኤርት ከፊት ሆኖ እየጎተተ አስገባው። ፖጋቻር ላይ የከሰረው 13 ሰከንድ ብቻ ነው።

ከዚያ 11ኛው ቀን፣ ኮል ዱ ግራኖን የሚባለው ዳገት። ይህን ያላየ ሰው ፈልጎ ይየው። ፖጋቻር የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለብሷል፣ የሚነካው የለም። የጁምቦ ልጆች ግን ገና ከሩቅ፣ ከጋሊቢየር ተራራ በፊት ጀምረው አስጨነቁት፤ አንዴ ሮግሊች ፍጥነት ጨምሮ ይነሣል፣ ፖጋቻር ያባርራል፣ ሲይዘው ዮናስ ይነሣል፣ እንደገና ያባርራል፣ እንደገና ሮግሊች። ሮግሊች ራሱ ከውድቀት ሕመም ጋር ነበር፣ በኋላ ብዙ ሰዓት ከስሮ ነው የገባው፣ ግን ሥራውን ሠርቷል። የመጨረሻው ዳገት 11.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጫፉ 2,413 ሜትር ላይ (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው፣ እኛ በነጻ የምንኖርበት)። ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ዮናስ ተነሣ። ፖጋቻር ማሊያውን ከፍቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ባለበት ቀረ። ልዩነቱ 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ደረሰ፣ ቢጫውም ተቀየረ።

በ18ኛው ቀን ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን ስፓንዴል የሚባለውን ተራራ ሲወርዱ መጀመሪያ ዮናስ ሊወድቅ ለጥቂት ዳነ፣ ወዲያው ፖጋቻር ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ዮናስ ዘወር ብሎ አየና ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጠበቀው። ፖጋቻር ደርሶ እጁን ዘረጋለት፣ ተጨባበጡ። ከዚያ ኦታካም ተራራ ላይ ያው ዮናስ ጥሎት ሄደና አሸነፈ። ጨዋነቱ አንድ ነገር፣ ውድድሩ ሌላ።

በመጨረሻ በ2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ቱሩን ወሰደ፤ ጄራይንት ቶማስ ሦስተኛ። ዳገት ላይ ለሚበልጠው የሚሰጠውን የተራራ ንጉሥ ማሊያም ደረበበት። አገሩ ሲገባ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶች አጅበውታል።

ከእሱ በፊት ቱሩን ያሸነፈ ዴንማርካዊ አለ?

አንድ፤ ቢያርነ ሪስ፣ በ1996። ዮናስ የተወለደበት ዓመት። ሪስ ያንን ቱር የጨረሰው እዚያው ኦታካም ላይ ተፎካካሪዎቹን እያሾፈ በሚመስል አጋላለብ ትቷቸው ሄዶ ነው። ከዚያ በሜይ 2007 ጋዜጠኞች ሰብስቦ ኢፒኦ የሚባለውን የተከለከለ አበረታች መድኃኒት እወስድ ነበር ብሎ አመነ። ስሙ ዛሬም የአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ አለ፣ ግን ዴንማርኮች ስለዚያ ድል ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እና ንጹሕ ነው? ያ የ2023ቱ የክሮኖ (ለየብቻ ከሰዓት ጋር የሚደረገው ግልቢያ) ድሉስ?

ይህ ጥያቄ የማይቀር ነው፣ በተለይ ለዴንማርካዊ። 2007 ለነሱ የውርደት ዓመት ነው። ሜይ ላይ ሪስ አመነ። ጁላይ ላይ ሚካኤል ራስሙሰን የሚባል ሌላ ዴንማርካዊ ቢጫ ማሊያ ለብሶ ቱሩን ሊያሸንፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው የገዛ ቡድኑ ራቦባንክ አስወጣው፤ ለምርመራ የት እንዳለ የተናገረው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ያ ራቦባንክ ስሙን እየቀያየረ ዛሬ ዮናስ የሚጋልብለት ቡድን ሆኗል። ስለዚህ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

በ2023 ከፓሲ ወደ ኮምብሉ በተደረገው የግል ክሮኖ ዮናስ በ22.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ፖጋቻርን በ1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ በለጠው። ከዚያ ቀን በፊት በሁለቱ መሀል የነበረው ልዩነት 10 ሰከንድ ነበር! በማግስቱ ኮል ደ ላ ሎዝ ላይ ፖጋቻር ጭራሽ ተሰበረ፣ ፓሪስ ሲደርሱ ልዩነቱ 7 ደቂቃ ከ29 ሆነ። ዓለም “እንዴት?” ብሎ ጠየቀ። ዮናስ አልተቆጣም። ሰው መጠራጠሩን እንደሚረዳው ተናገረ፣ ለልጄ የማልሰጣትን ነገር እኔም አልወስድም የሚል መልስ ሰጠ። እስከ ዛሬ በዶፒንግ ተከሶ አያውቅም። ፖጋቻርም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ አንጓውን ተሰብሮ ዝግጅቱ መበላሸቱን አትርሱ። ክሮኖው ላይ ደግሞ ዳገቱ ሥር ቆሞ ብስክሌት ሲቀይር ዮናስ በያዘው ቀጠለ።

በቩኤልታ የቡድን ጓደኛውን ሊከዳ ነበር የሚባለው ምንድነው?

2023፣ ቩኤልታ። መሪው ሴፕ ከስ ነው፣ አሜሪካዊው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሮግሊችና ለዮናስ ሲለፋ የኖረ ረዳት። ዮናስ ቱርማሌ ተራራ ላይ አሸነፈ፣ ከዚያ ቤሄስ ላይ አሸነፈ፣ ልዩነቱን እየበላው መጣ። አንግሊሩ ተራራ ላይ ሮግሊችና ዮናስ ከስን ጥለውት ወጡ፤ ማሊያው የተረፈለት በ8 ሰከንድ ነው። ሰዉ ተናደደ፣ እኔም ተናድጃለሁ። ሼም ነው፣ ያ ሁሉ ዓመት የደከመላችሁ ሰው። ከዚያ ቡድኑ ተነጋገረና ከስ እንዲያሸንፍ ተወሰነ፤ ዮናስ በ17 ሰከንድ ሁለተኛ፣ ሮግሊች ሦስተኛ። በነገራችን ላይ የቤሄሱን ድል የሰጠው ለዚያ ረጅም ብስክሌት ለሰጠው ለቫን ሆይዶንክ ነው፤ በዚያው ቀን መኪና እየነዳ ሳለ በልቡ ምክንያት ራሱን ስቶ ነበር፣ ተረፈ፣ ግን ከስፖርቱ ለመውጣት ተገደደ።

በ2024 ሊሞት ነበር?

እሱ ራሱ የምሞት መስሎኝ ነበር ብሏል። ኤፕሪል 4፣ የባስክ አገር ውድድር፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ጥምዝ አልታጠፍ ብሏቸው ብዙዎች አብረው ወደቁ። ሮግሊችም፣ ቤልጂየማዊው ኮከብ ኤቨኔፑልም ነበሩበት። ዮናስ የኮንክሪት ቦይ አጠገብ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር በቴሌቪዥን ያየን ሁሉ ደንግጠናል። ከአንገት ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱና የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፣ ሳንባው ተጎድቶ አየር አፍስሷል። ቪቶሪያ ሆስፒታል 12 ቀን ተኛ።

ቱሩ የሚጀምረው ጁን 29 ነው፤ ሦስት ወር እንኳ የለውም። ማንም አልጠበቀውም። መጣ። በ11ኛው ቀን ወደ ለ ሊዮራን ሲሄዱ ፖጋቻር 30 ኪሎ ሜትር ሲቀር ተነሥቶ ጠፋ፣ ልዩነቱ ከ30 ሰከንድ አለፈ፣ “በቃ” ተባለ። ዮናስ ብቻውን አባርሮ ያዘው። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ በስፕሪንት፣ በመጨረሻዋ የፍጥነት ሽምጥ፣ ቀደመው፣ ሁሌ በስፕሪንት የሚበልጠውን ሰው! ከዚያ ማይክሮፎኑ ፊት ማውራት አቅቶት አለቀሰ። በኋላ ተራራዎቹ ላይ አቅሙ አልቆ በ6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኗል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱ የቱር ድሎቹ ይልቅ ያችን ቀን እመርጣለሁ።

ከፖጋቻር ማን ይበልጣል? ይጠላላሉ?

አይጠላሉም፣ ጓደኛሞችም አይደሉም። ከ2021 እስከ 2025 የቱሩን አንደኛና ሁለተኛ የያዙት በየዓመቱ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱን ፖጋቻር፣ ሁለቱን ዮናስ። ሁሉንም ዓይነት ውድድር ካያችሁ ፖጋቻር ይበልጣል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ረጅም ዳገት፣ ከፍታ ቦታ፣ ሙቀት፣ ሦስተኛ ሳምንት ከተባለ ደግሞ የዚህ ዘመን ፖጋቻርን ደጋግሞ የሰበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በ2025 ግን ኦታካም ራሱ ከዳው፤ በ2022 ያነገሠው ተራራ ላይ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ከሰረ፣ ቱሩንም በ4 ደቂቃ ከ24 አጣው።

የ2025ቱ ቩኤልታ ሽልማት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የተሰጠው?

አዎ። ውድድሩ ከቱሪን ተነሥቶ ስፔን ሲገባ፣ አንድ የእስራኤል ቡድን በመሳተፉ ምክንያት ከጋዛ ጦርነት ጋር የተያያዘ ተቃውሞ በየቦታው ነበር፤ ማድሪድ ላይ የመጨረሻው ቀን ሳያልቅ ተቋረጠ። ዮናስ ሊሞኔ ፒየሞንቴ ላይ ከመንገድ ወድቆ ተነሥቶ በዚያው ቀን አሸንፏል፣ ቫልደስካራይ ላይ አሸንፏል፣ በዋዜማው ቦላ ዴል ሙንዶን አሸንፏል፤ በድምሩ ሁለተኛ የወጣውን ጆአኦ አልሜይዳን በ1 ደቂቃ ከ16 በልጦ። ቩኤልታን የወሰደ የመጀመሪያው ዴንማርካዊ ነው፣ ግን መድረክ የለም። ተወዳዳሪዎቹ ሆቴላቸው መኪና ማቆሚያ ላይ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ደርድረው፣ በላዩ ቆመው በስልክ መብራትና በሻምፓኝ አከበሩ።

ከቢንያም ግርማይ ጋር ተገናኝቷል?

ተፎካካሪ አይደሉም፣ ኤርትራዊው ቢንያም የስፕሪንት ሰው ነው። ግን የ2024ቱ ቱር የሁለቱም ነው፤ ዮናስ ከሆስፒታል ተነሥቶ ሁለተኛ በወጣበት ውድድር ቢንያም ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴውን ማሊያ ኒስ ላይ ለበሰ። የኛ ሰው ያን ዓመት ብስክሌት ማየት የጀመረው በቢንያም ምክንያት ነው፣ ዮናስንም ያወቀው በዚያው ነው።

ቤተሰብ አለው? ገንዘቡስ?

ባለትዳር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ከትሪኔ ጋር የተዋወቁት ኮሎክዊክ ውስጥ ነው፣ እሷ የቡድኑ ማርኬቲንግ ላይ ትሠራ ነበር። ሲያሸንፍ ቀለበቱን ይስማል፣ መስመሩን እንዳለፈ ስልክ ይጠይቃል፣ ቤት ይደውላል። ገንዘቡን በተመለከተ የቱሩ አሸናፊ 500,000 ዩሮ ነው የሚያገኘው፤ በልማዱ ግን ለቡድን ጓደኞቹ ይከፋፈላል። ዋናው ገቢ ደመወዙ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ልይ ካልኩ የቱን?

ግራኖን 2022ን፣ ከጋሊቢየር ጀምራችሁ። ማጠቃለያውን ሳይሆን ሙሉውን ተመልከቱ፤ የመጨረሻው አምስት ኪሎ ሜትር የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረውን ሁለት ሰዓት ላየ ሰው ነው። ጊዜ ካላችሁ ለ ሊዮራን 2024ን ጨምሩበት።